በጋዜጠኝነት ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት፦ የሐዋሳው የቅዳሜ ስልጠና ሲገመገም

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ ስልጠና አለ። ማስታወቂያው «በጋዜጠኝነት ተመርቀው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት አስተዳዳሪ ይሁኑ» ይላል። ስምንት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው 3 ሰዓት፣ በድምሩ 24 ሰዓት ነው። ክፍያው 6,500 ብር። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፣ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቅዳሜ ያሉት 12 ሰዓታት ለብቻቸው ገንዘቡን ያወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች በግማሽ ቢያጥሩ የሚጎዳ የለም። የገንዘብና የንብረት የተባለው ሰባተኛው ቅዳሜ ከሁሉም በላይ ሊሰራበት የሚገባ ሆኖ ሳለ በጥድፊያ ያልፋል። ስምንተኛው ሰርተፍኬት መቀበያ ነው።

ማስታወቂያው ራሱ ግን ትንሽ ያሳስታል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የራሱ ዳይሬክተር፣ የራሱ በጀትና የትኬት ገቢ ያለው የስፖርት ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። ሥራው በሦስት ቢሮ ተበትኖ ይኖራል። አሰልጣኝና ዳኛ ከስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ይመጣል። የተማሪዎች መዝናኛና ውስጣዊ ውድድር በተማሪዎች አገልግሎት ስር ይውላል። ዜናው፣ ፎቶውና የእንግዳ አቀባበሉ የሕዝብ ግንኙነት ነው። የጋዜጠኝነት ምሩቅ የሚገባው በዚህ በሦስተኛው በር ነው፤ ክፍት የሥራ ቦታውም የሚወጣው «የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ» ተብሎ እንጂ ስፖርት የሚል ቃል ተጽፎበት አይደለም። ስለዚህ «ስፖርት» ብሎ ማስታወቂያ የሚፈልግ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲፈልግ ይከርማል። የስልጠናው አሰልጣኝ ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገሩ ያስመሰግነዋል፤ ፖስተሩን የሠራው ሰው ግን አልሰማውም መሰል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች የአሜሪካ ናቸው። ርዕሱ ከዚያ ስለመጣ ነገሩ ይገባል። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ በ1906 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተ ሲሆን 1,100 ገደማ ተቋማትንና ከ500,000 በላይ ተማሪ ስፖርተኞችን በሦስት ዲቪዚዮን ይዟል። ሦስተኛው ዲቪዚዮን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። እዚያ ለጋዜጠኛ የተከፈተው መንገድ ስፖርት ኢንፎርሜሽን ዳይሬክተር የሚባለው መደብ ነው። የቡድኑን ስታቲስቲክስ ይይዛል፣ ለጋዜጠኞች መረጃ ያዘጋጃል፣ የተጫዋቾችን ቃለ መጠይቅ ያስተባብራል። የዚህ ሙያ ማኅበር ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከዚያ መደብ ተነስተው የስፖርት ክፍል ዳይሬክተር የሆኑም አሉ። እስከዚህ ድረስ ጠቃሚ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ስለተፈቀደበት ሕግ፣ ቀጥሎም በ2025 በፍርድ ቤት ስለጸደቀውና ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲያካፍሉ ስለፈቀደው ስምምነት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይነገራል። ለላብ መተኪያ የሚሆን ጥቂት ብር ለማስፈቀድ ሦስት ፊርማ በሚለመንበት ግቢ ለሚቀጠር ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው። ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስብ ሰልጣኝ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ነበር። ብዙዎቹ የሚገቡት ማስተርስ እየተማሩ በስፖርት ክፍሉ ውስጥ እየሠሩ፣ በምላሹ የትምህርት ክፍያና የኪስ ገንዘብ በሚያገኙበት የድኅረ ምረቃ ረዳትነት ነው። ማመልከቻውም ከዩኒቨርሲቲው መግቢያ ማመልከቻ ተለይቶ በቀጥታ ለስፖርት ክፍሉ ይላካል። ከምረቃ በኋላ በተማሪ ቪዛ መሥራት የሚቻለው እንዲህ ላሉ ትምህርቶች 12 ወር ብቻ ነው። ይህን ለመናገር ሃያ ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ አልተነገረም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስልጠናው ይነቃል። ርዕሱ የውድድር ፕሮግራም አወጣጥ ነው። ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ፕሮግራም ሲወጣ ዘግቧል እንጂ አውጥቶ ስለማያውቅ ብዙ ሰልጣኝ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ሰባት ትምህርት ክፍሎች ሁሉም ከሁሉም ይጫወቱ ቢባል 21 ጨዋታ ይሆናል፤ በሰባት ዙር፣ በየዙሩ ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ቡድን አራፊ። ስምንተኛ ቡድን ዘግይቶ ቢመጣ ጨዋታው 28 ይሆናል፤ ዙሩ ግን ያው ሰባት ነው፣ የሚጠፋው አራፊው ነው። ይህን የማያውቅ አስተባባሪ «ቀን የለንም» ብሎ ዘግይቶ የመጣን ቡድን ይመልሳል፤ የሚያስፈልገው በየዙሩ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ የሚስተናገድበት ሜዳ ብቻ ነበር። አስራ ስድስት ቡድን ሲሆን ሁሉም ከሁሉም ማለት 120 ጨዋታ ነው፤ ሴሚስተሩ አይበቃም። አራት አራት ቡድን ያሉባቸው አራት ምድቦች ተብሎ፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት አልፈው እስከ ፍጻሜና እስከ ደረጃ ጨዋታ ከተሄደ ግን በ32 ጨዋታ ያልቃል።

ጥሎ ማለፍ ላይ የሚሠራው ስህተት በቅርብ እንዲታይ ተደርጓል። አስራ ሦስት ቡድን ተሰጥቶ ሰልጣኞች እጣ እንዲያወጡ ይታዘዛሉ። አብዛኛው ሰው ስድስት ጥንድ አጣምሮ አንዱን ያሳልፋል። ሰባት ቡድን ይቀራል፤ እንደገና ሦስት ጥንድና አንድ አላፊ። በዚህ አካሄድ አንድ ቡድን ሁለት ጊዜ ሳይጫወት ግማሽ ፍጻሜ ሊደርስ ይችላል፤ ደብዳቤ ይዞ ወደ ዲን ቢሮ የሚሮጥ የተሸናፊ ቡድን መሪ የሚፈጠረውም እዚህ ነው። ትክክለኛው አሠራር አላፊውን ሁሉ በመጀመሪያው ዙር መጨረስ ነው። እስከ መጨረሻው እኩል ለሁለት እየተከፈለ ከሚሄዱት ቁጥሮች (2፣ 4፣ 8፣ 16) ከ13 በላይ ያለው ቅርቡ 16 ነው፤ 16 ሲቀነስ 13 ሦስት አላፊ ይሰጣል። አስሩ ይጫወታሉ፣ አምስት ያልፋሉ፣ ከሦስቱ ጋር ስምንት ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ አራፊ የለም። በሁለቱም መንገድ ጠቅላላው ጨዋታ 12 ነው፤ ልዩነቱ ክርክሩ ላይ ነው። አሰልጣኙ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ እግር ኳስም መረብ ኳስም ይጫወታል፣ ስለዚህ የሁለቱ ስፖርቶች ፕሮግራም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ካልተነበበ አንዱ ቡድን ተጫዋች ያጣል። እንደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከዋናው ግቢ ሌላ ወንዶ ገነትና ይርጋለም ድረስ ካምፓስ ላለው ተቋም ደግሞ የአውቶቡሱ ሰዓትም እዚያው ወረቀት ላይ መግባት አለበት።

አራተኛው ቅዳሜ፣ ምዝገባና ተገቢነት፣ የስልጠናው ምርጥ ክፍል ነው። ለዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ፌዴሬሽን ጨዋታዎች የሚመዘገብ ተማሪ ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ዕድሜው ከ18 እስከ 25 መሆን አለበት። የኛ ሰው የተወለደበት ቀን በግቢው መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ፓስፖርቱ በፈረንጅ። መዝጋቢው «ሰባት ጨምር» ወይም «ስምንት ጨምር» የሚል የጅምላ ሕግ ይዞ ይቀይራል፤ ሁለቱም ለብዙ ሰው ስህተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ለተወለደ ሰባት ይጨመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ስምንት። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በሚቀጥለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል።

ምሳሌው እንዲህ ነው። ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ታኅሣሥ 20 ቀን 1994፣ ሌላው ታኅሣሥ 25 ቀን 1994 ተወልደዋል። በግቢው መዝገብ የአምስት ቀን ልዩነት ያላቸው እኩዮች ናቸው። የመጀመሪያው በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2001 ነው፤ ሁለተኛው ጃንዋሪ 3 ቀን 2002። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቹንግቾንግ ለሚካሄደው የ2027 ጨዋታ ሁለተኛው ልክ 25 ዓመት ሆኖ ይገባል፣ የመጀመሪያው 26 ሆኖ ይወጣል። ሰልጣኙ አስር ቀኖችን በእጁ ይቀይራል፣ ከዚያ በስልክ መቀየሪያ ያመሳክራል። በዚህች አንድ ልምምድ ብቻ ስንት የምዝገባ ጭቅጭቅ እንደሚቀር በተማሪ ሬጅስትራር በር ላይ የቆመ ያውቀዋል።

ስምም እንዲሁ ነው። ኦንላይን ምዝገባ ላይ በላቲን ፊደል የሚሞላው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። «ፀሐይ» የሚለውን ስም የተማሪ መታወቂያው በአንድ፣ ትራንስክሪፕቱ በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ መንገድ ጽፎት ሊገኝ ይችላል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ ይመራል፣ ልዩነት ካለ ሬጅስትራሩ «አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤውም ከጉዞው በፊት እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይፈለግም። ሰዓትም ሌላ ወጥመድ ነው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም 09፡00 ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ቡድን መሪው ከሰዓት 9 ሰዓት ብሎ ካነበበው ቡድኑ ሳይጫወት ተሸናፊ ይባላል። አሰልጣኙ በማንኛውም የቡድን ወረቀት ላይ ሁለቱም ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ ይላል፤ ትክክል ነው።

እዚህ ክፍል ላይ አንድ ጥሩ ተጨማሪ አለ። የተጫዋቾች ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩና ከነመታወቂያ ቁጥሩ በቴሌግራም ቻናል ሲለቀቅ ማየት የተለመደ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በልማድ የሚታለፍ አይደለም፤ የጉዳት መረጃ ደግሞ የጤና መረጃ ስለሆነ ጠበቅ ያለ ነው። «አጥቂው በጉዳት አይሰለፍም» ማለትና የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቶ መለጠፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጋዜጠኝነት ምሩቅ የዜና ጥሙ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። እስከ ትናንት መረጃ ፈልቃቂ ነበር፤ አሁን ጠባቂ ሆኗል።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቅዳሜ የጨዋታ ቀን ሥራ ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ሜዳ ላይ። ጨዋታው ከሰዓት 9 ሰዓት ቢሆን 7 ሰዓት ላይ የመልበሻ ክፍል ቁልፍ፣ የሜዳው መስመርና መረብ ይታያል። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ዳኞችና ወጌሻ መድረሳቸው ይረጋገጣል። 8 ሰዓት ላይ አሰላለፍ ከነቴሴራው (ከተጫዋቾቹ መታወቂያ ካርድ ጋር) ለጨዋታ ኮሚሽነሩ ይገባል፣ ፎቶው ከፊቱ ጋር ይመሳከራል። 8 ከ45 በኋላ ዝርዝሩ ለአስተዋዋቂውና ለጋዜጠኛ ይታደላል። የሐዋሳ ከሰዓት ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ወረቀት ይበትናል፤ ክሊፕ ቦርድ ይዛችሁ ኑ መባሉ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ምክር ነች።

ሜዳ ላይ ሰልጣኙ የመረብ ኳስ ስኮር ሺት (የውጤት መመዝገቢያ ቅጽ) ይሞላል። የጋዜጠኛ ዓይን ኳሷን ይከተላል፤ ስኮር ሺት የሚሞላ ሰው ግን ማን ሰርቭ (ኳሷን የሚያስጀምረውን ምት) እንደሚመታ ማየት አለበት። ሴቱ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዙሮች አንዱ፣ በእንግሊዝኛ set) ከመጀመሩ በፊት የስድስቱ ተጫዋቾች የዙረት ቅደም ተከተል ይጻፋል። ቡድኑ ሰርቩን በተረከበ ቁጥር አንድ ቦታ ይዞራል። ተራው ያልሆነ ልጅ ሰርቭ ቢመታ ስህተቱን መያዝ ያለበት ጸሐፊው ነው። በአንድ ሴት የሚፈቀደው ቅያሪ ስድስት ነው፤ የሊቤሮው (ለመከላከል ብቻ የሚገባው ተጫዋች) መግባትና መውጣት ከዚህ አይቆጠርም። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ ሊቤሮውን ቅያሪ አድርጎ ይቆጥርና የቡድኑ አሰልጣኝ መብቱን ሲጠይቅ «ጨርሰሃል» ይላል። ሴቱ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የተሰረዘው ቁጥር ከተመዘገበው ውጤት ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ ይፈረማል።

ወዲያውኑ ከዚያው ወረቀት በ30 ደቂቃ ውስጥ 200 ቃል ዜና ይጻፋል። በጎበዝ ጸሐፊነቱ የሚታወቅ ሰልጣኝ እንኳ እዚህ ይጠመዳል። ሜዳ ላይ እንዳየው 25 ለ23 ብሎ ይጽፋል፣ ወረቀቱ 25 ለ22 ይላል። አሰልጣኙ ዜናውን መልሶ ይሰጠዋል፤ ስህተቱ ግን የት እንደሆነ አይነግረውም። ጭካኔ ቢመስልም ደግ አደረገ። የፎቶ መግለጫም እንዲሁ ነው፤ «9 ቁጥር» አይበቃም፤ ስም ከነአባት፣ ተመሳሳይ ካለ ከነአያት፣ ከቴሴራው ላይ ይገለበጣል። የፎቶው ፋይል ስም ቀኑን፣ ስፖርቱን፣ ሁለቱን ቡድኖችና ተራ ቁጥሩን ይይዛል። ካሜራው የሰጠውን ስም ይዞ የተቀመጠ ፎቶ ለዓመታዊ ሪፖርት ሲፈለግ እንዳልተነሳ ይቆጠራል።

ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ ቅሬታው ይጀምራል። በፕሮግራሙ 3 ሰዓት የተያዘለት የገንዘብና የንብረት ትምህርት በ1 ሰዓት አለቀ፤ ቀሪው ለተጋባዥ እንግዳ የማበረታቻ ንግግር ዋለ። በሕዝብ ግንኙነት በር ገብቶ ወደ አስተዳደር የሚያድገው ሰው ግን የሚያድገው በዚህ ነው፤ ዜና የሚጽፍ ሞልቷል፣ የቡድን ሂሳብ የሚያወራርድ ጥቂት ነው። ሊነገር ይገባው የነበረውን በአጭሩ እናስቀምጠው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የትምህርት ዘመኑ ግን ከክረምት በኋላ ይጀምራል። የመኸሩን ውድድር ትጥቅ ተማሪ ሲመለስ የሚያስብ ሰው ዘግይቷል። ጥያቄው ከነዝርዝር መግለጫው በበጀት ዝግጅት ወቅት መግባት ነበረበት። «ጥሩ ማሊያ» ብሎ መጻፍ ለግዥ ክፍል ምንም አይልም፤ የጨርቁ ዓይነት፣ መጠን በየቁጥሩ ስንት ስንት፣ የቁጥሩ አተታተም፣ የናሙና ማቅረቢያ ቀን ይጻፋል። አለበለዚያ በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ርካሹ ይገዛል፣ በሁለተኛው እጥበት ቁጥሩ ይላጣል፣ ጥፋቱም የግዥ ክፍሉ አይባልም። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ሞዴል 22 ላይ የፈረመው ቡድን መሪ ለተጫዋቾቹ ሲያከፋፍል በስም ካላስፈረመ፣ ተመራቂው ክሊራንስ ጨርሶ ሲሄድ ዕዳው በእርሱ ላይ ይቀራል።

የጉዞ በጀትም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሠራል። 18 ተጫዋች፣ ሁለት አሰልጣኝ፣ ወጌሻና ቡድን መሪ 22 ሰው ናቸው። ለአምስት ቀን 110 የውሎ አበል ቀን ይሆናል። ቡድኑ ግማሽ ፍጻሜ ገብቶ ሁለት ቀን ቢጨምር 154 ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አስፈቅዶ የሄደ ቡድን መሪ፣ ልጆቹ ባሸነፉ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ከዚህ ሁሉ በስልጠናው የተነገረው ስለ ፕሮፎርማ ብቻ ነው፤ ሞዴሎቹ በስም እንኳ አልተነሱም።

ፀረ ዶፒንግም ከነጭራሹ የለም። ለስፖርተኛ የሚያስተምር ቢሮ ያለዚህ አይሆንም። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ አደል የሚባል ነጻ የኦንላይን ትምህርት አለው፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል፤ ኢንተርኔትና አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ስለ ክፍሉ ብዙ የሚባል የለም። ወንበሩ ለ30 ሰው ይበቃል፣ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ ይቆማል፣ የታተመ መማሪያ ስለሚታደል ግን ትምህርቱ አይቆምም። ከአቶቴም ከታቦርም በባጃጅ ይደረሳል።

ሰርተፍኬቱ የስልጠና ማረጋገጫ እንጂ የትምህርት ማስረጃ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ላይ ነጥብ ያስገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። በስፖርት ማኔጅመንት ማስተርስ መቀጠል የሚፈልግ ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ከስፖርት ሳይንስ ውጪ የተመረቀን ይቀበል እንደሆነ ሄዶ ይጠይቅ። ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ ስለ ሲቪ የተነገረው ከየትም የሚገኝ ነው። በእጅ ይዞ መውጣት የሚያዋጣው ሌላ ነው፦ በስድስተኛው ቅዳሜ የተሞላው ስኮር ሺት፣ ከእርሱ የወጣው ዜና፣ መግለጫ ያላቸው አስር ፎቶዎችና በሦስተኛው ቅዳሜ የወጣው የ13 ቡድን እጣ። እነዚህ አራቱ በአንድ ፎልደር ሆነው ቃለ መጠይቅ ላይ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ከሰርተፍኬቱ ይልቅ እነሱ ይገለጣሉ።

ግቢ ውስጥ ውድድር ሲያስተባብር ለኖረ ሰው 6,500 ብሩ አያስፈልገውም፤ የጎደለው የሰባተኛው ቅዳሜ ትምህርት ነው፣ እሱ ደግሞ እዚህ የለም። ኒውስሩም ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ለሚፈልግ ግን ያዋጣዋል። ክፍያው በሁለት ጊዜ ነው፤ ግማሹ ሲመዘገቡ፣ ግማሹ አራተኛው ቅዳሜ ላይ። ሁለተኛውን ከመክፈላችሁ በፊት የሜዳው ቀን በየትኛው ሜዳ እንደሆነና ሜዳው በደብዳቤ መያዙን ጠይቁ፤ ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ እንግዳ ተጠርቶ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።